ደረቁ ሰው፦ ቤተሰብዎ ጭቃ ውስጥ ሲሮጥ የተመልካቹ መመሪያ

በልጅነታችን ጭቃ ያስገርፍ ነበር። በክረምት ከትምህርት ቤት ስንመለስ እናታችን በር ላይ ቆማ መጀመሪያ የምታየው ጫማችንን ነበር፤ ፊታችንን የምታየው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ የዚያው ትውልድ ሰው በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ አንድ ሜዳ ዳር ቆሞ፣ ባለቤቱ ወይም ልጁ መቶ ዶላር ገደማ ከፍላ ጭቃ ውስጥ በደረቷ ስትሳብ ያያል። አጠገቡ የቆመው ፈረንጅ ያጨበጭባል። እሱ ግን ማጨብጨብ ይሁን ማልቀስ የሚገባው ግራ ይገባዋል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሰው ነው። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመዘገብ «አንተ ምን ሥራ አለህ፣ ቆመህ ማየት ነው» አለችኝ። እኔም አምኛት ነጭ ስኒከር አድርጌ ባዶ እጄን ሄድኩ። ሩጫዋን ጨርሳ ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ፎጣ!» ስትለኝ ከመኪና ቁልፍ ሌላ የያዝኩት ነገር አልነበረም፤ የለበስኩትን ሹራብ አውልቄ ሰጠኋት። መኪናችንን የኩሬ ሽታ ሁለት ወር አልለቀቀውም። በኋላ ልጄም ተጨመረች፤ እኔም ደጋግሜ ቆምኩ። የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ በጭቃ ሩጫ ቀን ተመልካች ሥራ ፈት አይደለም። ከቤተሰቡ መካከል እጁ ንጹሕ፣ ስልኩ የሚሠራ፣ ሐሳቡ ያልደከመ ሰው እሱ ብቻ ነው። በአማርኛችን «ደረቅ ሰው» ማለት ምስጋና አይደለም። በዚህ ቀን ግን ቤተሰቡ አጥብቆ የሚፈልገው አንድ ደረቅ ሰው ነው፤ ያ ሰው እርስዎ ይሁኑ።

1. ምን ዓይነት ሩጫ እንደሆነ ይወቁ

«መሰናክል» ሲባል ለእኛ ቶሎ የሚታወሰን የ3,000 ሜትሩ ሩጫ ነው፤ ሯጩ 28 ጊዜ አጥር፣ 7 ጊዜ ውሃ የሚዘልበት። እሸቱ ቱራ በ1980 እ.ኤ.አ. በሞስኮ ኦሊምፒክ ነሐስ ያመጣበት፣ ለሜቻ ግርማ በ2023 ፓሪስ ላይ በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበበት ነው። የጭቃው ሩጫ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። እዚያ ተመልካች ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ያያል። እዚህ ሯጩ ጫካ ገብቶ ይጠፋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብቅ ሲል ደግሞ ማን እንደሆነ አይለይም።

ነገሩ በዚህ መልኩ የተጀመረው እንግሊዝ አገር ዎልቨርሃምፕተን አጠገብ በ1987 «ታፍ ጋይ» በተባለው የጥር ብርድ ሩጫ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ከ2010 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት «ስፓርታን ሬስ» እና «ታፍ መደር» ተጀመሩ፤ በ2020 ስፓርታን ታፍ መደርን ገዛው። የሁለቱ ጠባይ ግን ይለያያል።

ስፓርታን ሰዓት ይይዛል። የተለመዱት ርቀቶች ሦስት ናቸው፦ ስፕሪንት 5 ኪሎ ሜትር ከ20 መሰናክል ጋር፣ ሱፐር 10 ኪሎ ሜትር ከ25 ጋር፣ ቢስት 21 ኪሎ ሜትር ከ30 ጋር። ግንብ መውጣት፣ ገመድ መውጣት፣ በእሾሃማ ሽቦ ሥር በደረት መሳብ፣ የአሸዋ ከረጢት ተሸክሞ ዳገት መውጣት፣ ጦር መወርወር አለበት። መሰናክሉ ያቃተው ይቀጣል። የታወቀው ቅጣት 30 በርፒ ነው፦ ደረትን መሬት አስነክቶ መነሳትና መዝለል፣ ሠላሳ ጊዜ። በአንዳንዱ መሰናክል ላይ ደግሞ ቅጣቱ ተጨማሪ ዙር መሮጥ ነው።

ታፍ መደር በተለመደው መልኩ ሰዓት አይያዝበትም። ቁም ነገሩ መተጋገዝ ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ትከሻቸውን መሰላል አድርገው ይሸካከማሉ። የአገራችንን ደቦ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። በረዶ የሞላበት ገንዳ ውስጥ መጥለቅና እስከ 10,000 ቮልት በሚደርሱ የተንጠለጠሉ ሽቦዎች መካከል መሮጥ ስሙን ያስጠሩት መሰናክሎች ናቸው። የኤሌክትሪኩ መጠን እንዲነዝር እንጂ እንዲገድል የተሠራ አይደለም፤ ቢሆንም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አልፎት መሄድ አለበት፣ ማለፍም ይፈቀዳል።

ይህን ማወቅ ለእርስዎ ለምን ይጠቅማል? ሰዓት በሚያዝበት ሩጫ ሯጭዎን ለፎቶ አያቆሙም። ሰዓት በማይያዝበት ግን ቆማ ብታወራዎት፣ ከእጅዎ ሙዝ ብትቀበል ማንም ቅር አይለውም። የፈረንጅ እብደት ነው ብለው እንዳይንቁትም አንድ ነገር ልጨምር፦ በዘመናዊ ፔንታትሎን የፈረስ ግልቢያው ወጥቶ ከ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ጀምሮ የመሰናክል ሩጫ ተተክቶበታል።

2. ሳምንት ሲቀረው ሦስት ነገር ይጨርሱ

ትኬት፦ ቆሞ ማየት ነጻ ነው ብለው አይነሱ። በአንዳንድ ውድድሮች ተመልካችም ትኬት ይቆርጣል፤ የመኪና ማቆሚያም ለብቻው ይከፈላል። «ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል ቅጽ ተመልካችም ሊፈርም ይችላል፤ ለልጆች ወላጅ ይፈርማል። ቤት ሆነው ከሞሉት በር ላይ ከመሰለፍ ይድናሉ።

ሰዓት፦ ሯጮች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይለቀቁም። በቡድን በቡድን፣ በየ15 ደቂቃው ገደማ ነው የሚነሱት፤ አለዚያ ግንቡ ሥር ያለው ወረፋ እስከ ማታ አያልቅም። ስለዚህ «ሩጫው ቅዳሜ ነው» የሚለው አይበቃዎትም፤ የእርስዎ ሰው በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ይጠይቁ። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ ሰዓቱን ተርጉመው ይንገሩት። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጣው አጎቴ ትኬቱ ላይ «10፡15» የሚለውን አይቶ «ገና ነው» ብሎ ጋደም አለ። ታክሲ ይዞ ሲደርስ ሠራተኞቹ ግንቡን እያፈረሱ ነበር። ፈረንጅ 10፡15 ያለው በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሩብ ነው።

ካርታ፦ አዘጋጆች ብዙውን ጊዜ የሩጫውን ካርታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ያወጣሉ። ስልክዎ ላይ ፎቶውን ያስቀምጡ፤ ሜዳው ገጠር ስለሚሆንና ሺህ ሰው አንድ ቦታ ስልኩን ስለሚከፍት ኔትወርክ አይመኑ። ካርታው ላይ የሚፈልጉት መሰብሰቢያው ሜዳ አጠገብ ያሉትን መሰናክሎች ነው። ከስፕሪንቱ 20 መሰናክሎች ውስጥ ሳይደክሙ ሊያዩ የሚችሉት አምስት ወይም ስድስት ቢሆን ነው።

3. ሻንጣውን ማታውኑ ያዘጋጁ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለሯጭ ብቻ አይደለም። ጠዋት በጥድፊያ የተሞላ ሻንጣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል። እነዚህ ይኑሩበት፦

- ሁለት ያረጁ ትልልቅ ፎጣዎች፣ ለእያንዳንዱ ሯጭ። አንዱ ለፊትና ለእጅ፣ ሌላው ለገላ።
- ሙሉ ቅያሪ ልብስ። ቲሸርትና ሱሪ ማንም አይረሳም፤ የሚረሳው የውስጥ ልብስና ካልሲ ነው። ጂንስ አይያዙ፤ እርጥብ እግር ላይ አይወጣም። ሰፋ ያለ ቱታ ይሻላል።
- ነጠላ ጫማ። የታጠበ እግር ተመልሶ ጭቃ ጫማ ውስጥ አይገባም።
- ጋቢ። አሮጌው፣ ለመንገድ የሚሆነው። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ሲቆም የልብስ መቀየሪያ ክፍል ይሆናል፤ ሲደረብ ብርድ ልብስ ነው።
- አምስት ሊትር ንጹሕ ውሃ በጀሪካን። ማጠቢያው ጋ ውሃ አለ፤ ነገር ግን ወረፋ አለው፣ ይቀዘቅዛል፣ ለዓይንና ለአፍም አይሆንም።
- ሳሙና፣ የቁስል ፕላስተር፣ የላስቲክ ጓንት።
- ትልልቅ የቆሻሻ ላስቲክ፣ ከአምስት የማያንስ፤ አሮጌ አንሶላ ለመኪናው ወንበር።
- ለራስዎ፦ ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ሙሉ ቻርጅ የሆነ ስልክና ፓወር ባንክ። ነጭ ነገር አይልበሱ።

ምግብን በተመለከተ እኛ ከማንም የበለጠ ዝግጁ ነን። በማርና በውሃ የተለወሰ የበሶ ጭብጦ በሩጫ ሜዳ ከሚሸጠው የታሸገ ምግብ ሁሉ ይበልጣል፤ አይቀልጥም፣ አይፈስም፣ በቆሸሸ እጅም በላስቲኩ ይዘው ይጎርሱታል። ሙዝና ቴምር ይጨምሩ። ሩጫው ፍልሰታ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ከዋለና ሯጭዎ የሚጾም ከሆነ ማሩን በስኳር ይለውጡ፤ በሶ፣ ሙዝ፣ ቴምር፣ የለውዝ ቅቤ በዳቦ ይበቃዋል፤ ሜዳው ላይ የሚያገኙት ምግብ በአብዛኛው በርገር ነውና ከቤት ካልያዙ ጦሙን ይውላል። ቆሎውን ለራስዎ ያስቀምጡ፤ ለደረቀ አፍ አይመችም። ቡና በፔርሙስ፣ ጣፈጥ ያለ ሻይ በሌላ ፔርሙስ። ሻይው ለሯጩ ነው፣ ቡናው ለእርስዎ።

4. ከመነሳቷ በፊት ይፈትሿት

ከመነሻው ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመው ይድረሱ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሜዳው በእግር ረጅም መንገድ ሊኖር ይችላል፤ ምዝገባም ወረፋ አለው። ከዚያ ደረቁ ሰው የመጀመሪያ ሥራውን ይጀምራል፦ መቀበል።

ቀለበት፣ ሰዓት፣ ሐብል፣ የጆሮ ጌጥ በትንሽ ላስቲክ ተደርገው ወደ ውስጥ ኪስዎ ይግቡ። ቀለበት ያደረገ ጣት የሚንጠለጠሉበት ብረት ላይ ከተያዘ ጣቱ ክፉኛ ይጎዳል። ማተብ ያላትን «አውጪው» አይበሏት፤ ረጅም ከሆነ አሳጥራ ትሠረው ወይም ቲሸርቷ ሥር ታስገባው፤ ገመድና ሽቦ ላይ እንዳይያዝ ነው። የዓይን ሌንስ ካደረገች ግን ማውለቁ ይሻላል፤ ጭቃ ከሌንስ ሥር ሲገባ ዓይንን ይቧጭራል። ፀጉርን በተመለከተ ሹሩባ የመሰለ ነገር የለም። የተፈታ ፀጉር ውስጥ የገባ ጭቃ ሦስት ቀን ሲበጠር ይኖራል፤ ከዋዜማው ጠበቅ ተደርጎ የተሠራ ሹሩባ በአንድ መታጠብ ይጠራል።

የአስም መንፊያ ወይም ሌላ መድኃኒት ካለ ማን እንደያዘው፣ የት እንዳለ ይወቁ። በመጨረሻ የመገናኛ ቦታ ይቀጥሩ። «መጨረሻው ጋ» አይበሉ፤ እዚያ ሦስት መቶ ጭቃ የለበሱ ሰዎች አሉ። «ከማጠቢያው በስተቀኝ፣ ቀዩ ባንዲራ ሥር» ይበሉ። ንጹሑን ፊት ፎቶ ያንሱ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚወዳደረው ከዚህ ጋር ነው።

5. የት ይቆማሉ?

ሁሉንም ለማየት የሚሮጥ ተመልካች ምንም ሳያይ ይውላል። ሦስት ቦታ ይምረጡ፦ መነሻውን፣ መሐል ላይ አንድ መሰናክል፣ መጨረሻውን።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሮጥ ሰው መሰናክሉን ጨምሮ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል ብለው ይያዙ። 4 ሰዓት ከ15 የተነሳ ሰው ሁለተኛውን ኪሎ ሜትር ከ4፡45 እስከ 4፡55 ይደርሳል። የ5 ኪሎ ሜትሩን መጨረሻ ደግሞ ከ5፡30 እስከ 5፡55 ያያል። እርስዎ በየቦታው ከዚያ አሥር ደቂቃ ቀድመው ይቁሙ። ከዘገየ አይደናገጡ፤ ምናልባት ሠላሳውን በርፒ እየቆጠረ ይሆናል።

ለመሐሉ ጣቢያ ግንብ፣ ገመድ ወይም በደረት የሚሳቡበት ጭቃ ይምረጡ። እነዚህ ላይ ሯጩ ስለሚዘገይ ለማየትም ለማበረታታትም ጊዜ አለ። ከመግቢያው ይልቅ በመውጫው በኩል ይቁሙ፤ ፊቱ የሚታየው ከዚያ ነው። ከገመዱ ወደ ኋላ ሦስት ሜትር ይራቁ፤ ከውሃ የወጣ ሰው እንደ ውሻ ይራገፋል።

ሰውዎን በምን ይለያሉ? በቲሸርት አይለዩትም፤ ከመጀመሪያው ጭቃ በኋላ ሁሉም አንድ ቀለም ነው። ረጅም ደማቅ ካልሲ ይረዳል፤ ጭቃው ቢሸፍነውም የሚቀጥለው ውሃ ያጥበዋል። አረማመድም አይዋሽም፤ ባለቤትዎን በጀርባዋ ከሩቅ ያውቋታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ድምፅ ነው። በሺህ እንግሊዝኛ ተናጋሪ መካከል «አይዞሽ!» ብለው ይጩኹ፤ ዘወር የምትለው የእርስዎ ናት።

6. ምን ይበሉ፣ ምን አይበሉ

እናቴ ከደሴ የመጣችበት ዓመት ነው። ነጭ ነጠላዋን ለብሳ መጣች፤ ብነግራትም አልሰማችኝም። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጄ ከቁመቷ በላይ የሆነ የእንጨት ግንብ ሥር ደረሰች። ዘለለች፣ ጠርዙን ያዘች፣ እጇ ሙልጭ አለ፣ ወደቀች። ሁለተኛም ወደቀች። ሦስተኛ ስትወድቅ በጀርባዋ ነበር። እናቴ የክልሉን ገመድ ከፍ አድርጋ ጎንበስ አለች። «ልጄን ልትገሏት ነው?» አለች፣ ቢጫ ሰደርያ ለለበሰው ወጣት። እሱ ምንም ሳይገባው ፈገግ አለ። ልጄ ከጭቃው ውስጥ ቀና ብላ «እማማ፣ አይዞሽ በይኝ እንጂ አታልቅሺ!» አለቻት።

እናቴ ገመዱን ለቀቀች። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አይዞሽ የኔ እናት! ውጪው!» ብላ ጮኸች። አንድ የማናውቀው ሰው ግንቡ ሥር በርከክ ብሎ ጭኑን ሰጣት፤ ረግጣው ወጣች። ጫፉ ላይ እግሯን ግራና ቀኝ አንፈራጣ ስትቀመጥ ከክርኗ ጭቃው እየተንጠባጠበ በሳንቃው ላይ ይወርድ ነበር። እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞሩ፤ ሁለት ሴቶች ምላሳቸውን እያንቀሳቀሱ እልል ሊሉ ሞከሩ።

ከዚህ ሦስት ደንብ አወጣሁ። አንደኛ፣ «ተጠንቀቂ! ትወድቂያለሽ!» አይበሉ፤ መውደቅ እንዳለ እሷም ታውቃለች። «አይዞሽ»፣ «በርቺ»፣ ከዚያ ስሟን። ሁለተኛ፣ ከውጭ የሚታይዎትን ይንገሯት፤ «በግራ እግርሽ በኩል መርገጫ አለ» የሚል አንድ ቃል ከአሥር «በርቺ» ይበልጣል። ሦስተኛ፣ ገመዱን አይሻገሩ። ሯጭ ሯጭን ሊረዳ ይችላል፤ ለሽልማት በሚሮጡት ምድብ ግን እሱም ክልክል ነው። ተመልካች በየትኛውም ምድብ እጁን አያስገባም። ተውኩት ብላ መሰናክሉን ብታልፈውም «ምነው?» አይበሉ። ቤት ስትደርሱ ራሷ ታነሳዋለች።

7. ፎቶ

ስልክዎ ጥርት ባለ ላስቲክ ውስጥ ይግባ፤ ካሜራው ጋ ብቻ ይቀደድ። ፀሐይ ከጀርባዎ ትሁን። ዝቅ ብለው ያንሱ፤ ከላይ የተነሳ ሰው ጭቃ ውስጥ የወደቀ ይመስላል፣ ከታች የተነሳ ጀግና ይመስላል። አንድ ጊዜ ነክተው ከመተው በተከታታይ ያንሱ፤ ከሃያው አንዱ ይወጣል። ሁለት ደቂቃ ካነሱ በኋላ ስልኩን ይክተቱት። አዘጋጆቹም ፎቶ አንሺ አላቸው፤ የእርስዎ ዓይን ግን የላቸውም። ሯጭዎ ከግንቡ ላይ ሆና ስትፈልግዎ ማየት ያለባት ፊትዎን ነው።

8. ሲያዩ የማይስቁባቸው ምልክቶች

ሐኪም አይደለሁም። የሕክምና ድንኳኑ የት እንዳለ ግን ስደርስ መጀመሪያ አጣራለሁ፤ እርስዎም ያጣሩ። እነዚህን ካዩ ሰዓትና ሜዳሊያ ይረሱ።

ብርድ፦ ከውሃ ወጥቶ ነፋስ ላይ የቆመ ሰው ሰውነቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። መንቀጥቀጥ የተለመደ ነው። ንግግሩ ከተንተባተበ፣ እጁ ዚፕ መሳብ ካቃተው፣ ወይም ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ ወደ ድንኳኑ ይውሰዱት።

ሙቀት፦ በሐምሌና በነሐሴ ጠላቱ ይኸኛው ነው። ከተንገዳገደ፣ የሚናገረው ከተምታታ፣ ካስታወከ ሐኪም ይጥሩ፤ እስኪደርሱም ውሃ ያፍስሱበት፣ ጥላ ሥር ያስቀምጡት። በሌላ በኩል «ጠጣ ጠጣ» እያሉ ውሃ አያጣጡት፤ ከመጠን ያለፈ ውሃ የደምን ጨው አቅጥኖ ራሱ ያሳምማል። ሲጠማው ይጠጣ።

ውሃ፦ በ2013 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ተወዳዳሪ ከፍ ካለ ሰሌዳ ወደ ውሃ ከዘለለ በኋላ ሰምጦ ሕይወቱ አልፏል። እንዲህ ያለ መሰናክል ጋ ከቆሙ ስልኩን ያስቀምጡና ይቁጠሩ። የገባ ሰው ካልወጣ፣ የእርስዎ ዘመድ ባይሆንም፣ ለዋናተኛ ጠባቂው ይጩኹ። ከዳር ሆኖ ሁሉንም የሚያየው ደረቁ ሰው ነው።

አፍ፦ በ2012 ኔቫዳ ውስጥ በከብት እርባታ ቦታ ላይ በተደረገ እንዲህ ያለ ሩጫ 22 ሰዎች ካምፒሎባክተር በተባለ ተህዋስ ታመዋል፤ ምክንያቱ የከብት ፋንድያ የነካውን ጭቃማ ውሃ ሳያውቁ መዋጣቸው ነበር። አፍን ዘግቶ መሳብ፣ የገባውን መትፋት፣ እንደጨረሱ ከመብላት በፊት በንጹሕ ውሃ መጉመጥመጥ ያስፈልጋል። ጀሪካኑ ለዚህ ነው።

9. መጨረሻው ላይ

ሜዳሊያዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ስትመጣ ልትጠመጠምብዎ ትፈልጋለች። ይፍቀዱላት፤ የዝናብ ልብስዎን ያስያዝኩዎት ለዚህ ነው። ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይኸው፦

መጀመሪያ ውሃ ለአፍና ለዓይን። ዓይን አይታሽም፤ ራስን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ንጹሕ ውሃ ያፍስሱበት። ሁለተኛ ማጠቢያው፤ ወፍራሙ ጭቃ እዚያው ይቅር። ሦስተኛ ፎጣ፣ ጋቢውን ይዘው ያቁሙላት፣ ደረቅ ልብስ። አራተኛ ጣፋጩ ሻይና በሶው። አምስተኛ ጭረቶቹን ያዩላታል፤ በሳሙና ታጥበው ፕላስተር ይደረግባቸዋል። ጥልቅ የሆነ ወይም ጭቃ የገባበት ቁስል ካለ የቲታነስ ክትባቷ መቼ እንደነበር ይጠይቁ። በተለምዶ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል፤ ለቆሸሸ ቁስል ግን 5 ዓመት ካለፈው ሐኪም ሊደግመው ይችላል።

የጭቃው ልብስ በላስቲክ ይታሰር። የመኪናውን ወንበር አንሶላ ያልብሱና ይንዱ። መንዳት የእርስዎ ነው፤ የደከመ እግር ፍሬን ላይ አይታመንም።

10. ቤት ሲገቡና ከዚያ በኋላ

ልብሱን ወደ መታጠቢያ ቤት አያስገቡ፤ ጭቃ ቱቦ ይደፍናል። ደጅ ላይ ይሰጣ፣ ይድረቅ፣ ይራገፍ፣ በጎማ ቱቦ ውሃ ይለቅለቅ፣ ከዚያ ወደ ማሽን ይግባ። ጫማው ደጅ ይታጠብና ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ከፀሐይ ራቅ ብሎ ይድረቅ።

ቀጣዮቹን ጥቂት ቀናት ሯጭዎን ልብ ይበሉ። ተቅማጥና ትኩሳት፣ ወይም የሚቀላና የሚያብጥ ቁስል ከመጣ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «ጭቃ ውስጥ ሮጫለሁ» ይባል፤ ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ምርመራውን ያፋጥነዋል። ጡንቻ ማመሙ ያለ ነው። ሽንቷ ኮካ ኮላ ከመሰለ ግን የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊት ላይ ጫና እያደረሰ ሊሆን ይችላልና ነገ አይበሉ፤ ዛሬውኑ ይሂዱ።

ማታ እራት ላይ ስለ ግንቡ ይነገርዎታል። ቆመው ያዩትን ነገር ሦስት ጊዜ ሲነገርዎት እንደ አዲስ ይስሙ። በሦስተኛው ላይ ግንቡ ግማሽ ሜትር ይጨምራል፤ አያርሙ። ከዚያ «ለሚቀጥለው አንተም ተመዝገብ» መባልዎ አይቀርም። መመዝገብ አለመመዝገብ የራስዎ ጉዳይ ነው። ከተመዘገቡ ግን ክፍያውን ከመፈጸምዎ በፊት ለቤተሰቡ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ ፎጣውን ማን ይይዛል?